ኬረላ፦ የአስተማሪዎቻችን አገር

በ1960ዎቹ፣ በ70ዎቹ ወይም በ80ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ካገኛችሁ ስለ ህንዳዊ አስተማሪው ጠይቁት። የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህሩን ስም ሳያመነታ ይነግራችኋል። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከአንድ ግዛት ነው። ከህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኬረላ።

ኬረላ ጠባብና ረጅም ናት። በአንድ በኩል የአረቢያ ባሕር አለ፣ በሌላው በኩል ምዕራብ ጋትስ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት። በ2011 ቆጠራ ሕዝቧ ወደ 33 ሚሊዮን ነበር። አሁን ያላትን ቅርጽ የያዘችው በ1956 ነው፤ ማላያላም የሚናገሩት አካባቢዎች አንድ ላይ ተጠቃለው ግዛት ሆኑ። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሄድኩት ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እሷ በኬረላ መምህራን የተማረች ናት፤ አገራቸውን ሳላይ አልቀርም ስትል ዓመታት አልፈዋል። እኔን ደግሞ ድሮም የሚስበኝ የወደብ ከተማ ታሪክ ነው። ጥር ላይ ተነሳን። ከባዱ ዝናብ የሚገባው ጁን መጀመሪያ ላይ ስለሆነ በዚህ ወቅት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ሰኞ፦ ከአየር ማረፊያ ወደ ተራራው

በሙምባይ በኩል አድርገን የኬረላ የወደብ ከተማ የሆነችው ኮቺ ገባን። ከኢትዮጵያ የምትነሱ ሰዎች የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ። ህንድ ስትገቡ ይጠየቃል፣ ቀልድ የለውም። ሰዓታችሁንም ሁለት ሰዓት ተኩል ወደፊት አድርጉ።

የኮቺ አየር ማረፊያ በ2015 ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል መሥራት የጀመረ የዓለም የመጀመሪያው አየር ማረፊያ ነው። ከመንገዱ ሆናችሁ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ በሰፊው ተዘርግተው ታያላችሁ።

ከዚያ በቀጥታ በመኪና ወደ ሙናር አቀናን። መንገዱ እንደ ጀመረ ሜዳው የጎማ ዛፍ ነው። ዳገቱ ሲጀምር ቁንዶ በርበሬ ይመጣል። ሐረግ ነው፤ ረጃጅም ዛፎች ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል፣ ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ በዘለላ ይንጠለጠላል። ከፍ ሲል ደግሞ በጫካው ጥላ ሥር ሔል ይበቅላል። ሾፌራችን አንድ ቦታ ቆም አድርጎ ግንዱ ሥር፣ መሬት ጠጋ ብሎ የተንዠረገገውን ፍሬ አሳየን። እህቴ አንዱን ፈልፍላ አሸተተችና "ሻይ ሻይ ሸተተኝ" አለች። አውሮፓውያን ሌት ተቀን ባሕር አቋርጠው የመጡት፣ የተዋጉትና ከተማ ያቃጠሉት ለዚህ ሐረግና ለዚህ ቁጥቋጦ ነበር። በእጄ ይዤው ሳየው ገረመኝ።

ማክሰኞ፦ ሙናር

ሙናር 1,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ጠዋት ብርዱ የምር ነው፣ ሹራብ ያስፈልጋል። ኮረብታው በሙሉ ሻይ ቅጠል ነው። እስከ ዓይን ማየት ድረስ እኩል የተከረከመ አረንጓዴ ምንጣፍ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ብዛት አይጣል።

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ለቃሚዎቹ ሴቶች ላይ ነው። አብዛኞቹ ታሚል ተናጋሪዎች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው በእንግሊዞች ዘመን ለእርሻው ሥራ ከታሚል አካባቢ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። በ2015 እነዚህ ሴቶች ፔምቢላይ ኦሩማይ፣ ማለትም የሴቶች አንድነት ብለው ተነሱ። ጉርሻ ክፍያቸው በመቀነሱና ደመወዛቸው አነስተኛ በመሆኑ በሺዎች ሆነው አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ። የሠራተኛ ማኅበራቱን ወንድ መሪዎች "እናንተ አትወክሉንም" ብለው አባረሯቸው። ለቀናት ከተማዋን ቀጥ አድርገው ይዘው የተቀነሰውን ጉርሻ አስመለሱ። የሙናርን ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ትቶ ባይሄድ ደስ ይለኛል። ያን አረንጓዴ ምንጣፍ በየቀኑ የሚሠራው የእነሱ እጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኤራቪኩላም ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ደቡብ ህንድ ውስጥ ከፍተኛው ተራራ አናሙዲ፣ 2,695 ሜትር፣ እዚያ ነው። ፓርኩ የሚታወቀው በኒልጊሪ ታር ነው። ከዱር ፍየል ወገን ነው፣ ከምዕራብ ጋትስ ተራሮች ውጭ በዱር የትም የለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አንድ እንስሳ፣ አንድ ገደል፣ ሌላ ቤት የሌለው። ታሮቹ ሰው አይፈሩም። መንገዱ ዳር ቆመው ሣራቸውን ይግጣሉ። ለወሊድ ጊዜያቸው ሲባል ፓርኩ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ስለሚዘጋ ቀናችሁን አስቡበት። ኮረብታውን ሐምራዊ የሚያደርገው ኒላኩሪንጂ የሚባለው አበባ በ12 ዓመት አንዴ ነው የሚፈካው። መጨረሻ የፈካው በ2018 ነው። ቀጣዩ 2030 ላይ ይጠበቃል።

ረቡዕ፦ ወደ ባሕር

ቀኑ በመኪና አለቀ። የኮቺ አሮጌ ሰፈር የሆነው ፎርት ኮቺ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ዕቃችንን ጥለን ወደ ባሕሩ ዳር ሮጥን።

የቻይና መረቦች የሚባሉት እዚያ ናቸው። ከእንጨት የተሠራ ግዙፍ ክንድ ውሃው ላይ ተዘርግቷል። ጫፉ ላይ ሰፊ መረብ ተወጥሯል። ከኋላ በገመድ የታሰሩ ትልልቅ ድንጋዮች ሚዛኑን ይጠብቃሉ። አራት አምስት ሰዎች ገመዱን ሲጎትቱ መረቡ ከነዓሣው ይነሳል። በአፈ ታሪክ መረቡን ያመጡት ከዘመናት በፊት የመጡ የቻይና ነጋዴዎች ናቸው። ዛሬ የሚወጣው ዓሣ ጥቂት ነው። ከመረቦቹም ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ሰዎቹ ግን እንጀራቸው ነውና ይጎትታሉ።

ሐሙስ፦ ፎርት ኮቺና ማታንቼሪ

ይህን ቀን መቼም አልረሳውም።

ጠዋት ወደ ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ፖርቱጋሎች በ1503 መጀመሪያ በእንጨት የሠሩት ነው፤ በኋላ በድንጋይ ታነፀ። አውሮፓውያን ህንድ ውስጥ ከሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ቀዳሚው ነው ይባላል። ደች (ሆላንዶች) ሲመጡ የእነሱ ሆነ፣ እንግሊዞች ሲመጡ የእነሱ፣ ዛሬ የደቡብ ህንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጣሪያው በገመድ የሚንቀሳቀሱ የጨርቅ ማራገቢያዎች ዛሬም ተንጠልጥለዋል። ገመዱን ውጭ ቆሞ የሚስብ ሰው ነበር።

ወለሉ ላይ በአጥር የተከለለ የመቃብር ድንጋይ አለ። የቫስኮ ዳ ጋማ ነው። በ1498 ሰሜን ኬረላ ከሚገኘው ኮዥኮድ አጠገብ የደረሰው መርከበኛ በ1524 በገና ዋዜማ እዚሁ ኮቺ ሞተ፣ እዚሁ ተቀበረ። አፅሙ በ1539 ወደ ፖርቱጋል ተወሰደ፤ ድንጋዩ ቀረ።

እኔ ድንጋዩ ጋ ቆሜ የማስበው ስለ ልጁ ነበር። ክርስቶፎር ዳ ጋማን የታሪክ ትምህርት የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። በ1541 አራት መቶ ነፍጠኛ ይዞ በምጽዋ ገባ። ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ሆኖ ኢማም አሕመድን ገጠመ። በ1542 ተማርኮ አንገቱ ተቀላ። ያ ጦር የተነሳው ከዚሁ ከህንድ ጠረፍ፣ ከጎዋ ነው። የአባት መቃብር ኮቺ፣ የልጅ ሞት ኢትዮጵያ። እህቴ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ "ይሄን ሁሉ አንድ ድንጋይ ላይ ነው ያየሽው?" አለች። አዎ።

ከዚያ በባጃጅ ወደ ማታንቼሪ። አዎ፣ ባጃጅ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ይለያል። የማታንቼሪ ቤተ መንግሥት የደች ቤተ መንግሥት ይባላል፤ የሠሩት ግን ፖርቱጋሎች ናቸው። በ1500ዎቹ አጋማሽ ለኮቺ ንጉሥ በስጦታ ሰጡት፣ ደች በ1663 አደሱት። ከውጭ ሲያዩት ተራ ነው። ውስጡ ግን የንጉሡ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ራማያና የተባለው የሂንዱዎች ጥንታዊ ታሪክ ነው የተሳለው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጎልቷል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ባዶ ቦታ የሚባል የለም። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው እዚህ ለመቀመጥ ይፈልጋል። ሌላውን ክፍል ቸኩላችሁ እለፉት፣ እዚህ ግን ጊዜ ስጡት።

ጥቂት እርምጃ አልፎ የፓራዴሲ ምኩራብ አለ። በ1568 ነው የተሠራው። ጫማ ይወለቃል። ወለሉ ከቻይና በመጡ በእጅ የተሳሉ ሰማያዊና ነጭ ሸክላዎች ተነጥፏል። ከላይ የቤልጂየም ብርጭቆ መብራቶች ተንጠልጥለዋል። በ1760 የተሠራው የሰዓት ማማ በዕብራይስጥ፣ በሮማውያንና በማላያላም ቁጥሮች ሰዓቱን ያሳያል። የኮቺ ይሁዲዎች ለዘመናት እዚህ ኖሩ፣ ነገሥታቱም ቦታ ሰጧቸው። እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ አብዛኞቹ ወደዚያ ሄዱ። የኛም ቤተ እስራኤላውያን በኋላ ወደዚያው ሄዱ። እስራኤል ያላችሁ ወዳጆቼ የኮቺ ልጆችን አግኝታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከአገር መውጣትን የሚያውቅ ሰው በዚህ ምኩራብ ውስጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው።

የምኩራቡ መንገድ ሙሉ የቅመም ሱቅ ነው። ዝንጅብል በጆንያ፣ እርድ በጆንያ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። ዋጋ ሳትጠይቁ እንዳትገዙ፤ ውስጥ ውስጡን ያሉት የጅምላ መጋዘኖች ይሻላሉ።

ማታ ካታካሊ የተባለውን የኬረላ ባህላዊ የዳንስ ድራማ አየን። ቀድማችሁ ግቡ፣ ምክንያቱም ተዋናዮቹ ሲቀቡ ማየት ይፈቀዳል። አረንጓዴ ፊት ለመልካም ጀግና ነው። ጉንጫቸው ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይለጠፋል። ዓይናቸውን ለማቅላት ትንሽ የተክል ፍሬ ከቆብ ሥር ያስገባሉ። ተዋናዩ አይናገርም፤ ታሪኩን የሚዘምሩት ከኋላ የቆሙት ናቸው፣ እሱ በእጁ፣ በቅንድቡና በዓይኑ ይናገራል። የድሮው ትርኢት ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሄደው፤ ለእንግዳ የሚቀርበው አጭር ነው። ጥበቡ ሊጠፋ ሲል ገጣሚው ቫላቶል ናራያና ሜኖን በ1930 ኬረላ ካላማንዳላም የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመለት። ዛሬም ልጆች ለዓመታት ዓይናቸውን ብቻ ማንቀሳቀስ እዚያ ይማራሉ።

ዓርብ፦ ኮዱንጋሉር

ከኮቺ ወደ ሰሜን ወጣን። ቱሪስት ብዙም አይመጣበትም። ለእኔ ግን ዋናው ቦታ ይሄ ነበር።

ሙዚሪስ የሚባል የጥንት ወደብ በዚህ አካባቢ ነበር። በአንደኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የባሕር መንገድ መግለጫ አለ። አዱሊስን ይጠቅሳል፣ የአክሱምን ንጉሥ ይጠቅሳል፣ ቀጥሎም ሙዚሪስን ይጠቅሳል። ነፋሱን የሚያውቁ መርከበኞች ሁለቱንም ወደብ ያውቁ ነበር። ፓታናም በሚባል መንደር ከ2007 ጀምሮ በተደረገ ቁፋሮ የሮማውያን የወይን ማሰሮ ስብርባሪ፣ ዶቃና የእንጨት ጀልባ ወጥቷል። መንደሩ ዛሬ ኮኮናት የሞላበት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ብዙ የሚታይ ነገር አትጠብቁ። በ1341 የፔሪያር ወንዝ በከባድ ጎርፍ መንገዱን ቀየረ፣ የድሮው ወደብ በደለል ተሞላ፣ ኮቺ ተከፈተች ይባላል።

በክርስቲያኖቹ ትውፊት ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓመተ ምሕረት የወረደው እዚሁ ነው። የቼራማን መስጊድም እዚሁ ነው። በትውፊት በ629 የተሠራ፣ የህንድ የመጀመሪያው መስጊድ ነው። አንድ የኬረላ ንጉሥ በነቢዩ ዘመን ወደ መካ ሄዶ እስልምናን ተቀበለ፤ ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ሞተ፣ መልእክቱን ይዘው የመጡት መስጊዱን ሠሩ ይላሉ። የነጃሺን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። በጠዋት፣ ከጁምዓ ሰዓት በፊት ገባን። አስተናጋጁ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ሐበሻ" አለ። ከዚያ ሌላ ብዙ አልተነጋገርንም፣ ቋንቋ አልነበረንም።

ቅዳሜ፦ ኮታያም

ኮታያም ጫጫታዋ ብዙ ነው። የመጽሐፍ፣ የጋዜጣና የጎማ ከተማ ናት። ሁለት አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ሊባል በሚችል ርቀት ላይ አሏት። ቫሊያፓሊ በ1550 የተሠራ ሲሆን የፋርስ መስቀል የሚባል፣ ፓህላቪ በሚባለው የጥንት የፋርስ ጽሕፈት የተከበበ ጥንታዊ የድንጋይ መስቀል አለው። ቼሪያፓሊ በ1579 የተሠራ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መቅደሱ በሥዕል የተሸፈነ።

ቁርሳችን አፓም ነበር። ከሩዝ ሊጥ የሚጋገር ነው፤ ሊጡ ቦክቶ፣ ዓይን አውጥቶ፣ መሐሉ ለስልሶ እንደ እንጀራ ወጥ ይጠጣል። ከኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ አብሮት ይመጣል። ምሳ የሙዝ ቅጠል ላይ ነው የሚቀርበው፣ በቀኝ እጅ ይበላል። እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ ማንም አላስተማረንም።

እሑድ፦ ፑቱፓሊ

ከኮታያም ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው የፑቱፓሊ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለማላንካራ ኦርቶዶክስ ምእመናን ትልቅ የንግሥ ቦታ ነው። ማላንካራ የኛ እህት ቤተ ክርስቲያን ናት። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ግብፅ፣ አርመን፣ ሶርያና የህንዷ ማላንካራ በእምነት አንድ ናቸው። በ1965 የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። የህንዱ ካቶሊኮስም መጥተው ነበር።

ነጠላችንን ለብሰን በጠዋት ደረስን። ጫማ በር ላይ። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል፣ ራስ ተሸፍኖ። መቅደሱ በመጋረጃ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዕጣኑ ሲወጣ እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። ቅዳሴው በማላያላም ነው፣ ሱርስትም (ጥንታዊው የሶርያ ቋንቋ) ይገባበታል። ኪርያላይሶን ሲሉ አብረን አልን። አጠገባችን የቆሙ እናት ዞር ብለው ነጠላችንን በጣታቸው ነካ አድርገው ፈገግ አሉ። ሰው ሲወጣ ከየት ናችሁ የሚለው ጥያቄ አላባራ አለ። ኢትዮጵያ ስንል "አጎቴ እዚያ አስተምሯል"፣ "እናቴ እዚያ አስተምራለች" የሚሉን ሰዎች በዙ። ጾመ ነነዌን እንደሚጾሙም ያወቅኩት እዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ከመነሳታችን በፊት በወዳጆች በኩል አድራሻቸውን ያገኘቻቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ሄድን። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ወሎ ውስጥ ፊዚክስ ያስተማሩ ናቸው። ባለቤታቸውም መምህር ነበሩ፣ አርፈዋል። እህቴን እሳቸው አላስተማሯትም። ግን በር ላይ እንዳዩን "ደህና ነሽ ልጄ? ግቢ፣ ግቢ" ሲሏት እህቴ "ቲቸር" ብላ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ሁለቱም አለቀሱ።

ጀበናና ቡና ይዘንላቸው ሄደን ነበር። ጓሮ ከኮኮናቱ ሥር ተቀምጠን ቡና አፈላን። "ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትሄዱም" ያሉን እሳቸው ናቸው። የክፍል ፎቶዎቻቸውን አወጡ። ከኋላው የተማሪዎቹ ስም በእርሳስ ተጽፏል። አንዱን እየጠቆሙ "ይሄ ልጅ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይዞ ቤቴ ድረስ ይመጣ ነበር" አሉ። ስንቶቹ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ያ ዘመን ስንቱን ወጣት እንደበላ እሳቸውም ያውቁታል።

ለምን ከዚህ አንድ ጥግ ይህን ያህል አስተማሪ እንደወጣ ጠየቅኳቸው። ነገሩ ሥር አለው። በደቡብ ኬረላ የነበረው የትራቫንኮር መንግሥት ንግሥት ጎውሪ ፓርቫቲ ባይ በ1817 መንግሥት የትምህርትን ወጪ እንዲሸፍን አዋጅ አወጣች። በዚያው ዓመት ኮታያም ውስጥ ሚስዮናውያን ሲ ኤም ኤስ ኮሌጅን ከፈቱ። አብያተ ክርስቲያናት በየሰበካቸው ትምህርት ቤት ሠሩ። ከመንገድና ከትምህርት ቤት ተከልክለው የኖሩት የበታች ተደርገው የሚታዩ ወገኖችም ዝም አላሉም፤ አያንካሊና ናራያና ጉሩን የመሳሰሉ ሰዎች ልጆቻችን ይማሩ ብለው ታገሉ። ኮታያም በ1989 በህንድ ማንበብና መጻፍ የማይችል የሌለባት የመጀመሪያዋ ከተማ ተባለች፤ ኬረላም በ1991 ተከተለች። የተማረ ሰው በዛ፣ ሥራ ግን አልበቃም። ስለዚህ ሰው ወጣ። መጀመሪያ ወደ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች፣ በኋላ ወደ ዓረብ አገሮች። "እኛ ሥራ ፈልገን ነው የመጣነው" አሉ መምህርቷ፣ "ግን ልጅ ሆናችሁብን ቀራችሁ።"

ቤተ መንግሥትና መቃብር አይቻለሁ። የዚህ አገር ትልቁ ቅርስ ግን እነዚያ የሰበካ ትምህርት ቤቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ከእሱ ላይ ተቆርሶ ለእኛም ደርሶናል።

ሰኞ፦ በጀልባ ወደ አላፑዣ

ሰው ሁሉ አላፑዣ ሄዶ የቤት ጀልባ ይከራያል። ቆንጆ ነው። ኬቱቫላም የሚባሉት ጀልባዎች ድሮ ሩዝ ይጭኑ የነበሩ ናቸው፤ ሳንቃው ያለ ምስማር በኮኮናት ቃጫ ገመድ ነው የሚሰፋው። እኛ ግን የመንግሥቱን የሕዝብ ጀልባ ያዝን። ከኮታያም አላፑዣ ይሄዳል፣ ዋጋው በጣም ርካሽ ነው፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው፣ አሮጊቷ ሁሉ አብሮ ይሳፈራል። እኔን ብትሰሙኝ በዚህ ሂዱ።

መጀመሪያ በጠባብ ቦይ ነው። በሁለቱም በኩል ቤት አለ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደረጃ ወደ ውሃው አለው። ልብስ ይታጠባል፣ ዓሣ ይጸዳል፣ ፖስተኛ በጀልባ ያልፋል። ከዚያ ኩታናድ ይመጣል። እዚህ ገበሬው ሩዝ የሚያመርተው ከባሕር ወለል በታች ነው። መሬቱን ከሐይቁ በጭቃና በድንጋይ ግድብ ነጥቀው፣ ውሃውን በፓምፕ እያወጡ ያርሱታል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 የዓለም የግብርና ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ጀልባው ላይ ተቀምጣችሁ ማሳውን ቁልቁል ታዩታላችሁ፤ ውሃው ከማሳው በላይ ነው። በ2018 ኦገስት ግድቦቹ አልቻሉም። በዚያ ጎርፍ ኬረላ ውስጥ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በከባድ መኪና ጭነው ከባሕር ዳር እየመጡ ሰው አወጡ። እስከ ዛሬ በክብር ነው የሚነሱት።

ቬምባናድ ሐይቅ ላይ ስንወጣ ውሃው ሰፋ። በዚያው ልክ እምቦጭ አገኘን። ያው እምቦጭ፣ የጣናው፣ ያው ሐምራዊ አበባ። ቦዩ ላይ ተጋግሮ የጀልባዋን ሞተር ይይዛል። ረዳቱ ልጅ በረጅም እንጨት እየገፋ ያስለቅቃል። ከማሳው የሚወርደው ማዳበሪያና ከጀልባዎቹ የሚወጣው ቆሻሻ ያፋፋዋል። የጨው ውሃ ቢገባበት ይሞት ነበር፤ የሩዙን ማሳ ከጨው ለመጠበቅ የተሠራው ታኒርሙኮም ግድብ ግን በበጋ ባሕሩን ያግደዋል። ሩዙን ያዳነው ግድብ እምቦጩንም አዳነ። ባሕር ዳር ላይ ይህን አረም በእጁ ሲነቅል የዋለ ሰው እዚህ ቢመጣ ከገበሬዎቹ ጋር ብዙ የሚያወራው አለው።

ማክሰኞ፦ ትሪቫንድረም

ባቡሩ ከባሕሩ ጎን ጎን ይሄዳል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሻይ ሻጩ በየደቂቃው ያልፋል። ዋና ከተማዋ ዛሬ ቲሩቫናንታፑራም ናት፣ ሰው ግን ትሪቫንድረምም ይላታል።

የፓድማናብሃስዋሚ ቤተ መቅደስን ከውጭ ነው ያየነው። የሚገባው ሂንዱ ብቻ ነው፣ ያውም በባህል ልብስ። ባለ ሰባት ደርቡ የድንጋይ በር ብቻውን ያስቆማል። በ2011 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የምድር ቤት ክፍሎቹ ሲከፈቱ ዓለምን ያስደነቀ የወርቅና የዕንቁ ሀብት ተገኘ። አንዱ ክፍል እስካሁን እንደተዘጋ ነው። እኔን ግን ከወርቁ በላይ የያዘኝ የ1936ቱ አዋጅ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ሂንዱ ሆነው ሳለ በዘር ምክንያት ወደዚህ በር መቅረብ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። የትራቫንኮር ንጉሥ ቺቲራ ቲሩናል ቤተ መቅደሶቹን ለሁሉም ሂንዱ ከፈተ። ከተማዋ ውስጥ የአያንካሊ ሐውልት አለ። በዘመኑ ለእሱ ወገን በተከለከለ መንገድ በበሬ ሠረገላ ተቀምጦ ያለፈ ሰው ነው። ሄዳችሁ እዩት።

የናፒየር ሙዚየም በ1880 የተሠራ ውብ ሕንፃ ነው፤ የነሐስ ምስሎቹ ጥሩ ናቸው። እኛ ቶሎ ነው የወጣነው፣ ሙቀቱ አልቻልነውም።

ከከተማዋ ሰሜን ቱምባ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለ። የህንድ የሕዋ ጉዞ የተጀመረው እዚያ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአካባቢው ስለሚያልፍ ሳይንቲስቱ ቪክራም ሳራባይ ቦታውን መረጠው። የማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ግን ቦታው ላይ ነበር። ጳጳሱ ምእመናኑን አማክረው ለሳይንቲስቶቹ ለቀቁላቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሆነ፣ የሮኬት ክፍል በብስክሌት ተጓዘ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1963 የመጀመሪያው ሮኬት ተወነጨፈ። ሕንፃው ዛሬ የሕዋ ሙዚየም ነው። አዲስ አበባም ለዚያው መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በዚህ ምክንያት ነው ተፈላጊ የነበረው። ፊዚክስ መምህርቷ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ይታየኛል።

ሰሜኑን አላየንም። ኮዥኮድንና ካኑርን ለሌላ ጊዜ ትተናል። እዚያ ቴያም አለ፤ ተራ ሠራተኛ ሰው ፊቱን ተቀብቶ፣ ትልቅ ዘውድ ደፍቶ፣ በመንደሩ ቤተ መቅደስ ፊት አምላክ ሆኖ የሚቆምበትና ባለ ርስቱ ሳይቀር እጅ የሚነሳው ሥርዓት። የሚደረገው ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። እህቴ ከወዲሁ መምህርቷን አብረውን እንዲሄዱ ጠይቃቸዋለች፤ "ጉልበቴ ከፈቀደ" ብለዋታል።